መመለሻው እንዴት ነው? ወደ ሌሎች ዓለማት ስለ መጓዝና ስለ መስፈር



በድሬዳዋ ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት ሰው ሲመሽ ከቤት ይልቅ ግቢን ይመርጣል። ባለፈው ግንቦት በአንድ እሑድ ምሽት የቁምስናችን ወጣቶች በአዳራሹ ተሰብስበው ሳሉ መብራት ጠፋ፤ እነርሱም ወንበሮቻቸውን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። ሰፈሩ በመጨለሙ ሰማዩ ከወትሮው ይልቅ ጎልቶ ይታይ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ሽቅብ እየተመለከተ «የመሄድ ዕድል ቢሰጣችሁ ወዴት ትሄዱ ነበር?» ሲል ጠየቀ። በጨዋታ የተጀመረው ነገር ብዙም ሳይቆይ ብርቱ ክርክር ሆነ።

አንዱ ወገን ቅርብ ናትና ጨረቃን መረጠ። ሌላው ወገን ማርስ ትሻላለች፣ ቀኗም ከእኛ ቀን በአርባ ደቂቃ ያህል ብቻ ይበልጣል አለ። አንዲት ተማሪ ደግሞ ሁለቱንም ትታ ከበረዶ በታች ውኃ አላቸው ስለሚባሉት ስለ ጁፒተርና ስለ ሳተርን ጨረቃዎች ተከራከረች። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣትም «መጀመሪያ የሰፈራችን መንገድ ይሠራ» ብሎ ሁሉንም አሳቀ።

በግቢው በር አጠገብ ሆነው ሲያዳምጡ የቆዩ አንድ አዛውንት በዚህ ጊዜ ድምፃቸውን አሰሙ። «ልጆቼ፣ የምትሄዱበትን ሰማሁ፤ መመለሻው እንዴት ነው?» አሉ። ወጣቶቹ አሁንም ሳቁ። እኛ ግን የእኒህን ሰው ታሪክ ስለምናውቅ አብረን ልንስቅ አልቻልንም። በ1977 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ከወሎ ተነሥተው ወደ መተከል ከተወሰዱት ሰፋሪዎች አንዱ ነበሩ። ስለዚህ ጥያቄያቸው የጨዋታ ጥያቄ አልነበረም፤ ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም እርሱ ነው።

ወደ ኅዋ ከሚደረጉ ጉዞዎች መካከል የትኛው ይገባል የሚለውን ለመመዘን በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ማወቅ ነው፤ ሁለተኛው መስፈር ነው። ማወቅ ዓይንን፣ መሣሪያንና ትዕግሥትን ይጠይቃል። መስፈር ግን ሰውን ከነቤተሰቡ፣ ከነሕመሙና ከነእርጅናው ይጠይቃል። ሊታወቅ የሚገባው ሥፍራ ሁሉ ሊሰፈርበት የሚገባ አይደለም። በዚህ ርእስ ላይ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚዛባው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ይመስለናል፤ «ማርስ አስደናቂ ናት» የሚለው እውነት «ስለዚህ እንስፈርባት» ወደሚለው መደምደሚያ ያለ ድልድይ ይሻገራል።

እኛ ኢትዮጵያውያን «ሰፈራ» የሚለውን ቃል ስንሰማ የምናስበው ስለ ሩቅ ከዋክብት አይደለም። ድርቅና ረኃብ ሰሜኑን የአገራችንን ክፍል በመታ ጊዜ የወቅቱ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ሕዝብ እያነሣ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ወሰደ። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ከአንድ ዓመት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ 600 ሺህ ያህል ሰዎች ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ተጓዙ። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች አገሩ ለም ነው፣ ዝናቡም በቂ ነው ይሉ ነበር፤ በዚህም አልዋሹም።

ይሁን እንጂ በካርታው ላይ ባዶ የመሰለው መሬት ባዶ አልነበረም። በመተከል የጉሙዝ፣ በጋምቤላም የአኙዋክ ሕዝብ ይኖርበት ነበር። ጉሙዞች አርሰው እንዲያርፍ የተዉት ማሳ ለባዕድ ዓይን ጌታ የሌለው ጫካ መስሎ ታየ። ሁለተኛም፣ ከተጓዦቹ ብዙዎቹ ወደው አልሄዱም፤ ከገበያና ከእህል ማደያ እየተያዙ የተጫኑ፣ ከባልና ከሚስት፣ ከእናትና ከልጅ የተለዩ ነበሩ። ሦስተኛም፣ መንገዱ መሄጃ እንጂ መመለሻ አልነበረውም። ደገኛው ለማያውቀው ለቆላ ወባ ተጋለጠ፤ ብዙ ሰው አለቀ። ሊመለሱ የሞከሩትም በጫካና በሱዳን በኩል በእግራቸው ሲጓዙ በየመንገዱ ወደቁ። ብዙዎች ወደ ትውልድ አገራቸው ለመመለስ የቻሉት በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የመሬቱ መልካምነት የሥራውን መልካምነት አላረጋገጠም። ስለዚህ ማንኛውንም ሥፍራ ለሰፈራ ከመምረጥ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው፤ እዚያ አስቀድሞ ማን አለ? የሚሄደውስ ወዶና ዐውቆ ነው? ሊመለስ ቢፈልግስ መመለሻ አለው?

የምንኖርባት ከተማ ራሷ ለዚህ ሌላ ምስክር ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ መድረሻው ሐረር እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣት አዳጋች ስለ ሆነ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ በሜዳው አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ሥፍራው አዲስ ሐረር ተባለ፤ ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ነው። እዚህም ቢሆን ሜዳው ባዶ አልነበረም፤ የኢሳና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት ነበር፤ የእነርሱም ድርሻ ሁልጊዜ በትክክል ታስቧል ለማለት አንደፍርም። ሆኖም ከተማይቱ የብዙ ሕዝብ ቤት ለመሆን የበቃችበት አንድ ምክንያት ግልጽ ነው። ባቡሩ የሚሄደው በሁለቱም አቅጣጫ ነበር። ኑሮ ያልተመቸው የመጣበትን መንገድ ይዞ ይመለስ ነበር፤ የቀረውም መሄድ እየቻለ የቀረ ስለ ሆነ ሥፍራውን አገሬ አለው።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን ወጣቶቹ የተከራከሩባቸውን ሥፍራዎች እንመልከት።

በመጠን መሬትን የምትመስለው ጎረቤታችን ቬኑስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 ቬኔራ 7 የተባለችው የሶቪየት መንኰራኵር ከገጿ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መልእክት ላከች። በዚያ ያለው ሙቀት 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው፤ የአየሩ ግፊትም ከእኛው 90 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ያረፉት መሣሪያዎች እንኳ ከሁለት ሰዓት ብዙም ሳያልፉ ጠፍተዋል። ማንም ሰው ሊሰፍርባት አይገባም፤ ስለ እርስዋ ማወቅ ግን እጅግ ይገባል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የታፈነ ዓለም ምን እንደሚመስል የምታሳየን እርስዋ ናትና፤ ይህም የራሳችንን አየር ለምንበክል ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ስለ ማርስ የሚነገረው ብዙ ነው። ወደ እርስዋ ለመድረስ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይወስዳል፤ አመቺው የጉዞ ጊዜም በ26 ወር አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል። አየርዋ እጅግ ስስ ነው፤ ግፊቱ ከእኛው አንድ በመቶ አይሞላም፤ እርሱም በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አማካይ ቅዝቃዜዋ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያ የታመመ ሰው «ወደ አገሬ ውሰዱኝ» ቢል ጥሪው ብቻውን ወደ መሬት ለመድረስ እስከ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ራሱ ግን ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊጠብቅ ይገደዳል። ስለዚህ ሦስተኛው ጥያቄ በማርስ ላይ ገና አልተመለሰም።

የመጀመሪያውም ጥያቄ አልተመለሰም። በማርስ ጥቃቅን ሕያዋን አሉ ወይስ የሉም? እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ያረፈችው ፐርሲቨራንስ ጥንት ሐይቅ በነበረበት ሥፍራ የድንጋይ ናሙና ስትሰበስብ ቆይታለች፤ ናሙናዎቹ ግን እስካሁን ወደ መሬት አልመጡም። ጉዳዩ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ከእኛው አገር ማየት ይቻላል። ከከተማችን በስተሰሜን በአፋር ምድር፣ ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ዳሎል ይገኛል። ከጨዉ፣ ከአሲዱና ከሙቀቱ የተነሣ ተመራማሪዎች ማርስን ለማጥናት ይመላለሱበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት የምርምር ቡድኖች ውጤታቸውን አወጡ። አንዱ በጨው ክምችቱ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን አገኘሁ አለ፤ ሌላው ደግሞ እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት የለም አለ። ቆመን በእጃችን ልንነካው በምንችለው ሥፍራ ሊቃውንት እንዲህ ከተለያዩ፣ በማርስማ ምን ያህል ጥንቃቄ ያስፈልግ ይሆን? ሰው ወደዚያ ሲሄድ በአንጀቱና በቆዳው የሚኖሩትን ተሕዋስያን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ በማርስ የፈሰሰውን ግን መልቀም አይቻልም።

የተማሪዋን ምርጫ በተመለከተ፣ የጁፒተር ጨረቃ የሆነችው ዩሮፓና የሳተርን ጨረቃ የሆነችው ኤንሴላደስ ከበረዷቸው በታች ውቅያኖስ እንዳላቸው ይታመናል። ስለ እነርሱ ልንተርከው የሚገባ አንድ የሚያስመሰግን ሥራ አለ። ጋሊሌዮ የተባለችው መንኰራኵር ጉዞዋን ስትፈጽም፣ ነዳጅዋ አልቆ ዩሮፓ ላይ እንዳትወድቅና የምድርን ተሕዋስያን እንዳታደርስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2003 ሆን ተብሎ ወደ ጁፒተር ተጥላ እንድትቃጠል ተደረገ። ካሲኒም እንዲሁ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ወደ ሳተርን ገባች። ሰዎች ብዙ የደከሙበትን መሣሪያ፣ ይኑር አይኑር ላልታወቀ ፍጡር ሲሉ በገዛ እጃቸው አጠፉ። በካርታ ላይ «ባዶ» ተብሎ የተጻፈበትን መሬት ከመውሰድ አስቀድሞ ማን እንዳለበት መጠየቅ ማለት ይህ ነው። ለጉሙዝና ለአኙዋክ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሳይደረግ መቅረቱን ስናስብ እናፍራለን። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ወደ ዩሮፓ የተላከችው መንኰራኵርም የምትሄደው ልታይ እንጂ ልትሰፍር አይደለም፤ ይህም ተገቢ ነው።

የቀረችው ጨረቃ ናት። ርቀቷ 384 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሦስት ወይም የአራት ቀን መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1972 ድረስ ስድስት ጊዜ ሰው አርፎባት ተመልሷል። በዋልታዎችዋ ፀሐይ በማትደርስባቸው ጉድጓዶች የውኃ በረዶ አለ፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የሕንድ መንኰራኵር በደቡብ ዋልታዋ አቅራቢያ አርፋለች። አየር የላትም፣ ሌሊቷም የእኛን ሁለት ሳምንት ያህል ይረዝማል፤ ነገር ግን ለሦስቱ ጥያቄዎች ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ መልስ የሚገኘው በእርስዋ ነው። ስለዚህ ክርክሩን እንድንዳኝ ብንጠየቅ፣ ሰው ተራ በተራ እየሄደ የሚሠራበትና የሚመለስበት ሥፍራ ጨረቃ ትሁን እንላለን፤ እርስዋም እንደ ባቡር ጣቢያ እንጂ እንደ ትውልድ አገር አትሁን። እዚህም ላይ ማስጠንቀቂያ አለን። እ.ኤ.አ. በ1967 የተፈረመው የኅዋ ውል ማንም መንግሥት የሰማይ አካላትን ግዛቱ ሊያደርጋቸው እንደማይችል ይደነግጋል። በረዶው የሚገኝበት ሥፍራ ግን ጥቂት ነው። የውኃ ጉድጓድን ያጠረ ሰው ግጦሹንም እንዳጠረ የአካባቢያችን አርብቶ አደሮች ጠንቅቀው ያውቃሉ።

በዚህ ሐሳባችን ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ የሰው ልጅ ዘሩ እንዳይጠፋ በአንድ ምድር ብቻ መወሰን የለበትም የሚል ነው። ሰው ከጥንት ጀምሮ ተጓዥ መሆኑ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ኢየሱሳዊው ካህን ቴያር ደ ሻርዳንና አንሪ ደ ሞንፍሬድ በከተማችን አቅራቢያ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ለሳይንስ አስተዋወቁ፤ በ1933 ደግሞ ሌላው ካህን አቤ ብረይ ቆፈሩበት። በዚያ ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች ቀይ አፈር እየፈጩ ይሠሩ ነበር። የሰው ዘር ከዚህ ከአፍሪቃ ምድር እየተነሣ ዓለምን ሞልቷል። ነገር ግን እነዚያ ተጓዦች የደረሱበት ሁሉ አየርና ውኃ ጠበቃቸው። ዛሬ በዳሎል አጠገብ በዚያ ሐሩር ጨው የሚቆርጠው የአፋር ሰው አየር በዋጋ አይገዛም፤ ተመራማሪው ማርስን ትመስላለች የሚላትን ምድር እርሱ አገሬ ይላታል። እጅግ የከፋው የምድራችን ክፍል እጅግ ከተሻለው የማርስ ክፍል ይሻላል። ስለዚህ ዘራችንን ለማዳን አጭሩ መንገድ ያለችንን መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዚያ የመንገድ ይሠራልን ባይ ወጣት ነው፤ ድኃ አገር ስለ ሰማይ ምን አገባው? ይህን በቀልድ አናልፈውም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ወገኖቻችንን የወሰደባት ከተማ ነዋሪዎች ነን። ዝናቡ የወረደው ከላይ ከተራራው ነበር፤ ሞት የመጣው ግን በታች በተኙት ላይ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት የተላከችው ወደ ታች ወደ መሬታችን እንድትመለከት ነበር፤ ለእርሻ፣ ለደንና ለውኃ የሚያገለግል ምስል እንድታነሣ። ከተራራው ላይ የተራቆተውን ደንና የሚሰበሰበውን ደመና አስቀድሞ ማየት የድኃ ጉዳይ ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ ይልቅ የድኃ ጉዳይ ነው። በመሆኑም ከሰማይ ጉዞ ሁሉ ቀዳሚው መድረሻ ከራሳችን በላይ ያለው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነው ብንል አንሳሳትም።

በመጨረሻ ስለ ልጆች አንድ ቃል። ወዶ የሚሄድ ጎልማሳ ለራሱ ይወስናል እንበል። በማርስ የሚወለደው ልጅስ? ከእኛ ክብደት ሲሶ ጥቂት በሚበልጥ የስበት ኃይል ያደገ አጥንት የምድርን ሸክም መቻሉን እስካሁን የሚያውቅ የለም። ማንም ልጅ የትውልድ ሥፍራውን አይመርጥም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፤ በድሬዳዋ የሚወለደውም አልመረጠም። ነገር ግን አድጎ ሻንጣውን ሊያነሣና ሊሄድ ይችላል። በር የሌለው ቤት ሠርቶ ልጅ መውለድ ግን ሌላ ነገር ነው። የሰው ክብር ከሚገለጽባቸው ነገሮች አንዱ «እምቢ» ለማለትና ለመመለስ መቻል ነው፤ ይህን የሚነፍግ ሥፍራ የቱንም ያህል ቢያምር ለጊዜው ለመሣሪያዎች ይተው።

በዚያ ምሽት መብራቱ ከመምጣቱ በፊት ከወጣቶቹ አንዱ አዛውንቱን «አባባ፣ የሄዱበት አገር ክፉ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «መሬቱስ ደግ ነበር፤ እኛን ግን የጠየቀን አልነበረም» አሉት። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም። ወደ ላይ መመልከታችንን አንተው፤ ልጆቻችንም ጠፈርን ይማሩ፣ ይመርምሩ፣ ከእነርሱም መካከል የሚሄዱ ይኑሩ። ነገር ግን «ወዴት እንሂድ?» በተባለ ቁጥር ከአጠገባችን ያሉትን አዛውንት ጥያቄ አስቀድመን እንጠይቅ።